በቀድሞ የተከታታይ ነፍሰ ገዳይ ፊልሞች ማን ይታያል? ማንስ ይሰወራል?

(ለጥናት ክበብ ውይይት የቀረበ ጽሑፍ)



በዚህ የትምህርት ዓመት የጥናት ክበባችን ቅዳሜ ማታ በማደሪያችን ሳሎን የቆዩ የወንጀል ፊልሞችን እያሳየ ሲያወያይ ቆይቷል። የተመረጡት ሁሉ አንድ ሰው በተለያየ ጊዜ ብዙ ሰዎችን እየገደለ ፖሊስ የሚያሳድድባቸው ታሪኮች ነበሩ። መጀመሪያ የተሰበሰብነው ለመዝናናት ነው። ሻይ እየጠጣን፣ እየደነገጥን፣ በድንጋጤያችንም እየሳቅን ተመለከትናቸው። ነገሩን ወደ ጥናት የለወጠው ከፊልሙ ውጭ የደረሰብን ጉዳይ ነው።

ሕክምና የምናጠናው የክበቡ አባላት ለልምምድ ወደ አእምሮ ሕሙማን ክፍል በገባንበት በመጀመሪያው ቀን፣ ሦስት ሆነን አንድ በሽተኛ እንድናነጋግር ታዘዝን። ሰውየው ድምፁ ዝቅ ያለ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኑሮ የተቀመጠ ሰው ነበር። እኛ ግን ምንም ሳንመካከር ሦስታችንም በሩ አጠገብ ቆምን። እሱም የተዘጋጁልንን ወንበሮች አየና፣ እኛን አየና፣ «ተቀመጡ እንጂ፤ ፊልም አይታችሁ ነው የመጣችሁት?» አለን። በእርግጥም ፊልም አይተን ነበር የመጣነው።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ኀፍረት የተወለደ ነው። ዓላማችን ፊልሞቹን ለማውገዝ አይደለም፤ አንዳንዶቹ ታላላቅ ሥራዎች ናቸው። ዓላማችን በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ማን በምን መልክ እንደሚቀርብና ይህ አቀራረብ በተመልካቹ አእምሮ ውስጥ ምን ትቶ እንደሚሄድ መመርመር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. የቃሉ ትርጉምና የአጠናን ዘዴያችን

ተከታታይ ነፍሰ ገዳይ ስንል፣ በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ከሚፈጅ ሰው ለይተን ማየት ይኖርብናል። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ2005 በሳን አንቶኒዮ ከተማ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ባወያየ ጊዜ አንድ አጭር ትርጉም ቀርቦ ነበር። ይኸውም ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች በተለያዩ ክስተቶች በዚያው በአንድ ገዳይ ወይም በእነዚያው ገዳዮች በሕገ ወጥ መንገድ ሲገደሉ ማለት ነው። ከጉባኤው የወጣው ሪፖርት በሕዝብ ዘንድ የተስፋፉ በርካታ እምነቶችን ውድቅ አድርጓል። ገዳዮቹ ሁሉ ነጭ ወንዶች ናቸው፤ ሁሉም ከሰው የተገለሉ ብቸኞች ናቸው፤ ሁሉም ወይ እብዶች ወይ እጅግ ብልሆች ናቸው የሚሉት ከእነዚህ መካከል ናቸው። እነዚህን እምነቶች በሕዝብ አእምሮ ውስጥ ካጸኑት ነገሮች አንዱ ሲኒማ ነው።

እያንዳንዱን ፊልም በሦስት ጥያቄዎች መረመርን። አንደኛ፣ ገዳይ ሆኖ የሚቀርበው ማን ነው? ሁለተኛ፣ ሟች ሆኖ የሚቀርበው፣ ሞቱም የሚቆጠርለት ማን ነው? ሦስተኛ፣ የሚመረምረውና ታሪኩን የሚመራው ማን ነው?

፪. የገዳዩ ፊት

የዚህ ዓይነት ፊልም አባት ሊባል የሚችለው ፍሪትዝ ላንግ በ1931 በጀርመን አገር የሠራው «ኤም» ነው። በአንድ ትልቅ ከተማ ሕፃናት ይገደላሉ። ፖሊስ ቤት ለቤት ሲፈትሽ የሌቦቹ ሥራ ስለተስተጓጎለ፣ ሌቦቹ ራሳቸው ለማኞችን ሰላይ አድርገው ገዳዩን ያድናሉ። ፊኛ የሚሸጥ አንድ ዓይነ ስውር በፉጨቱ ያውቀዋል። ከዚያም አንዱ አሳዳጅ በመዳፉ ላይ በጠመኔ የጻፈውን «ኤም» የሚል ፊደል ትከሻው ላይ ያትምበታል፤ ፊደሉ ነፍሰ ገዳይ የሚለው የጀርመንኛ ቃል መነሻ ነው። በመጨረሻም ሌቦቹ በምድር ቤት ችሎት ያቆሙታል። ገዳዩም በፍርሃት እየጮኸ፣ በውስጡ ያለውን ኃይል መቋቋም እንደማይችል ይናገራል።

ይህን ሰው ሆኖ የተጫወተው ፒተር ሎሬ ነው። ሎሬ በቀድሞው የኦስትሪያና ሀንጋሪ ግዛት የተወለደ አይሁዳዊ ነበር። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ጀርመንን ለቆ ወጣ፤ ላንግም በዚያው ዓመት ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም ልናስታውሰው ይገባል። ናዚዎቹ በ1940 «ዘላለማዊው አይሁዳዊ» የሚል የፕሮፓጋንዳ ፊልም ሲሠሩ፣ ሎሬ በችሎቱ ፊት የሚናዘዝበትን ትዕይንት ከ«ኤም» ቆርጠው አስገቡበት። ተዋናዩ የተጫወተው በደራሲና በዳይሬክተር የተፈጠረ ሰው ነበር። እነሱ ግን ትወናውን የአንድ ሕዝብ ተፈጥሮ ማስረጃ አድርገው አቀረቡት።

ከዚህ የምናገኘው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው። የአንድ ገዳይ ሥዕል በፊልሙ ውስጥ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢሳል፣ ከፊልሙ ተቆርጦ ሲወጣ በማን ላይ እንደሚለጠፍ የሚወስነው በኅብረተሰቡ ውስጥ አስቀድሞ ያለው ጥላቻ ነው።

ወንጀለኛን በመልኩ መለየት ይቻላል የሚለው እምነት የመጣው ከፊልም ብቻ አይደለም፤ ከራሳችን ሙያም ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የመንጋጋን፣ የጆሮንና የግንባርን ቅርጽ እየለካ «ሲወለድ ጀምሮ ወንጀለኛ» የሆነ ሰው አለ ብሎ አስተማረ። ትምህርቱ ስሕተት መሆኑ ከታወቀ ብዙ ዘመን ቢሆነውም፣ የፊልም ሠሪዎች የፊት ምርጫ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የእሱን መንገድ ተከትሏል።

ይህን ስናወግዝ ደግሞ የራሳችንን ቤት አንርሳ። በአገራችን ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ፋቂውን «ቡዳ» እያሉ ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ሰው ይበላል ማለት የኖረ ነው። ቤተ እስራኤልም በዚሁ ስም ሲጠሩና ሲሸሹ ኖረዋል። ማረሻችንን የሚሠራልንንና እንጀራ የምንጋግርበትን ምጣድ የምታበጅልንን ሰው በስውር ነፍሰ ገዳይነት የጠረጠርነው ፊልም ሳናይ ነው። በትከሻው ላይ በጠመኔ የታተመው ፊደል ለእኛም እንግዳ አይደለም።

፫. ሕመምተኛው እንደ ገዳይ

አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 ያወጣው «ሳይኮ» ከስሙ ጀምሮ የአእምሮ ሕመምን ከግድያ ጋር ያጣመረ ፊልም ነው። አንቶኒ ፐርኪንስ የተጫወተው ኖርማን ቤትስ ሴት እንግዳውን በመታጠቢያ ቤት የሚገድለው የሞተች እናቱን ልብስ ለብሶ ነው። በመጨረሻ አንድ የአእምሮ ሐኪም ቆሞ፣ የእናትየው ማንነት የልጁን ማንነት እንዴት እንደዋጠው ያብራራል። በ1968 በሪቻርድ ፍላይሸር የተሠራው «የቦስተን አናቂ» ደግሞ አልበርት ዴሳልቮ ስለሚባል በእውነት ስለነበረ ሰው ነው። ቶኒ ከርቲስ የተጫወተው ይህ ሰው በአንድ ሰውነት ውስጥ ሁለት ማንነት እንዳለው ሆኖ ቀርቧል። እውነተኛው ዴሳልቮ ግን እንዲህ ያለ ሕመም እንዳለበት ሐኪም አልመሰከረበትም። ለፊልሙ የሚመች ስለሆነ የተጨመረ ነው።

እዚህ ላይ እንደ ሕክምና ተማሪዎች ጥቂት ነጥቦችን ግልጽ ማድረግ ግዴታችን ነው።

ሀ) ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ሕመም «ሁለት ሰው መሆን» ማለት አይደለም። በሽተኛው የሌለ ድምፅ ሊሰማ፣ ያልሆነን ነገር ሆኗል ብሎ ሊያምን፣ ሐሳቡ ሊበታተንበት፣ ከሰው ሊርቅ ይችላል። የማንነት መከፋፈል የሚታይበት ሕመም ሌላ ነው።

ለ) ከአእምሮ ሕሙማን እጅግ የሚበዙት በሰው ላይ ጉዳት አያደርሱም። ይልቁንም ጉዳት ከማድረስ ይልቅ ጉዳት የሚደርስባቸው ይበዛሉ። አንዳንዶቹ ኃይል የመጠቀም አደጋቸው ከፍ የሚለው ሕመሙ ሳይታከም ሲቀር፣ በተለይም የመጠጥና የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ሲጨመርበት ነው።

ሐ) በሽተኛው ስለተፈራ ቤተሰብ ይደብቀዋል፤ ስለተደበቀ ሕክምናው ይዘገያል፤ ስለዘገየ ሕመሙ ይከፋል። በአገራችን በጓሮ በሰንሰለት ታስሮ የሚኖር በሽተኛ መኖሩን ከመካከላችን የማያውቅ የለም። በሽተኛው ቶሎ ሕክምና እንዳያገኝ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ፍርሃት ነው።

፬. ልብስ፣ ጾታና ተቃውሞ

ከ«ሳይኮ» በኋላ ወንድ ሆኖ የሴት ልብስ የሚለብስ ገዳይ የተለመደ ሆነ። በ1980 የወጣው የብራያን ደ ፓልማ «ድረስድ ቱ ኪል» ይህንኑ ደገመ። በዚያው ዓመት የወጣው የዊልያም ፍሪድኪን «ክሩዚንግ» በኒው ዮርክ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መካከል ስለሚፈጸሙ ግድያዎች ነበር። በ1979 በጋ በቀረጻው ጊዜ እነዚሁ ሰዎች በየመንገዱ ወጥተው ተቃወሙ። ፊልሙም ሲወጣ፣ ስለ ማኅበረሰቡ በሙሉ የሚናገር እንዳልሆነ የሚገልጽ ማስታወቂያ በመግቢያው ላይ ተለጠፈበት።

ከሁሉ የታወቀው በ1991 የወጣው የጆናታን ደሚ «የበጎች ዝምታ» ነው። በፊልሙ ውስጥ ሴቶችን እየገደለ ከቆዳቸው የሴት ገላ ለራሱ የሚሰፋ ሰው አለ። ፊልሙ በአንድ ቦታ፣ ይህ ሰው በእውነት ጾታውን ለመለወጥ የሚፈልግ ሰው እንዳልሆነ በንግግር ይገልጻል። ነገር ግን ንግግሩ ይረሳል፤ በመስተዋት ፊት የሚጨፍረው ሰው ሥዕል ግን አይረሳም። ፊልሙ በ1992 አምስቱን ዋና ዋና የኦስካር ሽልማቶች ሲወስድ ተቃዋሚዎች ከአዳራሹ ውጭ ቆመው ነበር። ዳይሬክተሩ በ1993 «ፊላዴልፊያ» የሚል፣ በኤድስ ታሞ ከሥራ ስለተባረረ ጠበቃ የሚናገር ፊልም ሠራ።

ስለ ጉዳዩ የእያንዳንዳችን አስተያየት ምንም ይሁን ምን፣ የክርክሩ ፍሬ ነገር ለማንም ግልጽ ነው። አንድ የኅብረተሰብ ክፍል በሲኒማ ላይ በሌላ መልክ ፈጽሞ ሳይታይ በገዳይነት ብቻ ከታየ፣ ያ አንድ ገዳይ የሁሉም ተወካይ ይሆናል። ነጭ ወንድ ገዳይ ሲሆን ሌሎች ሺህ ነጭ ወንዶች በሌሎች ፊልሞች ዳኛ፣ አባትና ጀግና ሆነው ስለሚታዩ ማንም ነጭ ወንድን በሙሉ አይጠረጥርም።

፭. ከአካባቢያችን፦ ራያና ሳኪና

ጉዳዩ የምዕራቡ ዓለም ብቻ እንዳይመስለን ወደ ምንኖርበት አካባቢ እንመለስ። ከደቡብ ግብፅ ወደ እስክንድርያ የመጡት እህትማማቾች ራያና ሳኪና፣ ከባሎቻቸውና ከሌሎች ወንዶች ጋር ሆነው በአል-ላባን ሰፈር ሴቶችን እያታለሉ ገድለው ወርቃቸውን ይወስዱ ነበር። የተቆጠሩት ሟቾች 17 ናቸው። በታኅሣሥ 1921 ስድስት ሰዎች ተሰቀሉ። ከስድስቱ አራቱ ወንዶች ናቸው።

ሳላሕ አቡ ሰይፍ በ1953 ታሪኩን ፊልም አደረገው፤ በጽሑፉ ላይ ደራሲው ነጊብ ማሕፉዝ ተሳትፏል። የፊልሙ ስም «ራያና ሳኪና» ነው። በ1955 ደግሞ ኮሜዲያኑ ኢስማዒል ያሲን ከእነሱ ጋር የሚገናኝበት አስቂኝ ፊልም ተሠራ። እስከ ዛሬም በዚህ አካባቢ ሰው ልጁን ሲያስፈራራ የሚጠራው የሁለቱን ሴቶች ስም ነው። የአራቱን ወንዶች ስም ግን ከታሪክ አጥኚ በቀር የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ሴት ገዳይ በፊልም እምብዛም አትታይም፤ ስትታይ ግን ወንዶቹን ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ ታስቀራለች።

የዩሱፍ ሻሂን የ1958 ፊልም «ባብ አል-ሐዲድ» ስለ ተከታታይ ገዳይ ባይሆንም የቅርብ ዘመድ ነው። በካይሮ ባቡር ጣቢያ ጋዜጣ የሚሸጠው አንካሳ ቀናዊ፣ ስሙ ራሱ የቀና አውራጃ ሰው መሆኑን ይናገራል፤ እሱም ከደቡብ የመጣ ነው። በፍቅር ተንቆ፣ በጋዜጣ ያነበበውን ግድያ ሊደግም ይነሣል። ሻሂን ራሱ የተጫወተው ይህ ሰው ድሃ፣ አካለ ስንኩልና ስደተኛ ነው። ሆኖም ፊልሙ ንቀቱን፣ ብቸኝነቱንና ረኃቡን ከውስጥ ስለሚያሳየን፣ በመጨረሻ ሲያስሩት ደስ አይለንም። በሥዕልና በስድብ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል።

፮. የማይቆጠሩት ሟቾች

ሁለተኛው ጥያቄያችን ሟቹን የሚመለከት ነው። በአሜሪካ ፊልሞች ሟቿ አብዛኛውን ጊዜ ወጣትና ነጭ ናት። በ«የበጎች ዝምታ» ሩጫው የሚፋጠነው የአንዲት ሴናተር ልጅ ስትጠፋ ነው። በእውነተኛው ዓለም ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ከ1979 እስከ 1981 በአትላንታ ከተማ ከሃያ በላይ ጥቁር ሕፃናትና ወጣቶች ተገደሉ። ባለሥልጣናቱ ነገሩን በቁም ነገር እንዲይዙት ያስገደዱት ተሰባስበው የጮኹት እናቶች ናቸው። 17 ሰዎችን የገደለው የሚልዋኪው ጄፍሪ ዳመር ከገደላቸው አብዛኞቹ ነጮች አልነበሩም። በግንቦት 1991 ከቤቱ ያመለጠ አንድ የ14 ዓመት የላኦስ ተወላጅ ልጅ መንገድ ላይ ሲገኝ፣ ጥቁር ሴቶች ጎረቤቶች ልጁ አደጋ ላይ ነው ብለው ለፖሊስ ተማጸኑ። ፖሊሶቹ ጨዋ መስሎ የተናገረውን ነጭ ሰው አምነው ልጁን መልሰው ሰጡት። ልጁም ተገደለ።

ሳሙኤል ሊትል የሚባለው ጥቁር አሜሪካዊ ደግሞ ከ1970 እስከ 2005 ድረስ 93 ሰዎችን መግደሉን ተናዟል። የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ2019 ኑዛዜዎቹ ሁሉ የሚታመኑ መሆናቸውንና በዚያን ጊዜ 50ዎቹ መረጋገጣቸውን አስታወቀ። በአሜሪካ ታሪክ ብዙ ሰው የገደለ ተከታታይ ነፍሰ ገዳይ ማለት ነው። ይህ ሰው ለምን ይህን ያህል ዘመን ሳይታወቅ ቆየ? የሚመርጣቸው ድሆችን፣ ሱሰኞችን፣ ሴተኛ አዳሪዎችን ነበር፤ ብዙዎቹም ጥቁር ሴቶች ናቸው። ከሞቶቹ ብዙዎቹ በአደንዛዥ ዕፅ ብዛት፣ በድንገተኛ አደጋ ወይም ባልታወቀ ምክንያት የደረሱ ተብለው ተመዝግበው ነበር።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ወደ እኛ ሙያ ይመለሳል። የሞትን ምክንያት የሚመረምረውና የሚጽፈው የሕክምና ባለሙያ ነው። አስከሬኑ የማን እንደሆነ አይቶ፣ «እንዲህ ያለች ሴት እንዲህ ትሞታለች» ብሎ የሚያልፍ ሰው ሳያውቅ የገዳዩ ተባባሪ ይሆናል።

የተገላቢጦሹም አለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሺፕማን በ2000 በ15 ግድያዎች ተፈረደበት። በ2002 የወጣው የምርመራ ሪፖርት የገደላቸውን በሽተኞች 215 አድርሷቸዋል። ብዙዎቹ አረጋውያን ሴቶች ነበሩ። የሞታቸውን ምክንያት የሚፈርመው እሱ ራሱ ነበር። የተከበረ የሰፈር ሐኪም ስለነበር ለብዙ ዓመታት የጠረጠረው ጥቂት ሰው ነው። እኛ በበሽተኛው ክፍል በር ላይ ስንቆም የፈራነው በፒጃማ የተቀመጠውን ሰው ነው፤ ነጭ ካፖርት የለበሰውን ለመፍራት ያስተማረን ፊልም ጥቂት ነው።

፯. መርማሪውና የቁጥር ወጥመድ

ሦስተኛው ጥያቄ መርማሪውን ይመለከታል። በዚህ በኩል ለውጥ ታይቷል። በ«የበጎች ዝምታ» መርማሪዋ ሴት ናት፤ ካሜራውም ወንዶች እንዴት እንደሚመለከቷት በዓይኗ ያሳየናል። የምስጢሩን ቁልፍ የምታገኘው ከጥቁር ጓደኛዋ ጋር ሌሊት ስትወያይ ነው። ጓደኛዋን የተጫወተችው ካሲ ለሞንስ በኋላ ራሷ ዳይሬክተር ሆናለች። በዴቪድ ፊንቸር የ1995 «ሰባት» ደግሞ ሞርጋን ፍሪማን የተጫወተው አዛውንት መርማሪ የፊልሙ አእምሮና ኅሊና ነው።

ሆኖም ጥቁር መርማሪ አንድ፣ ሴት መርማሪ አንድ እያሉ መቁጠር ብቻውን መልስ አይሆንም። በ«ሰባት» ያለው መርማሪ ጥልቅ ሰው ቢሆንም ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ማኅበረሰብ የለውም፤ ከየት እንደመጣ አንጠይቅም። ስለዚህ መመዘኛችን «አለ ወይስ የለም» ብቻ ሳይሆን «የራሱ ሕይወት አለው ወይስ ለሌላው ታሪክ መሣሪያ ነው» የሚል መሆን አለበት።

ማጠቃለያ

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ፊልም ፊልም ነው፤ ሰው በፊልም አይመራም» ብለው ተከራክረውናል። ፊልም ብቻውን ጥላቻን አይፈጥርም፤ ቡዳን የፈጠረው ሲኒማ አይደለም። ነገር ግን ያለውን ጥላቻ ፊት፣ ድምፅና አለባበስ ይሰጠዋል። ናዚዎቹም በ1940 የፈለጉት ይህንኑ ነበር።

ወደዚያ ክፍል እንመለስ። በሽተኛው ያንን ከተናገረ በኋላ ተቀመጥን። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። የሚሰማው ድምፅ እንደሚያስፈራውና እንቅልፍ እንደሚያሳጣው ነገረን። የሚፈራው እሱ ነበር። ስንወጣ «ነገ ትመጣላችሁ?» አለን። በማግሥቱ ስንሄድ ወንበሮቹን ራሱ አቅርቦ ጠበቀን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቅርብ ካያችሁት የወንጀል ፊልም አንዱን ምረጡ። ገዳዩ፣ ሟቹና መርማሪው እነማን ናቸው? የእያንዳንዳቸው ስምና ታሪክ ተነግሯል ወይ?

2. የ«ራያና ሳኪና» ታሪክ የሁለቱ ሴቶች ብቻ ተደርጎ የቀረው ለምን ይመስላችኋል?

3. በአገራችን በተረትና በቀልድ በገዳይነት ወይም በክፋት የሚጠረጠሩ ወገኖች እነማን ናቸው? ይህን ልማድ ለመለወጥ ከራሳችን ቤት ምን መጀመር እንችላለን?

4. በየሙያችን፣ ማለትም በሕክምና፣ በሕግ፣ በመምህርነት፣ አንድን ሰው በመልኩ ወይም በስሙ ብቻ የምናልፍበት ቦታ የት ነው?